ሰባት ስልኮችና አንድ ካርታ

ያኔ አቃቂ ውስጥ ፊዚክስ አስተምር ነበር። አመሌ ነው፣ አዲስ ነገር ሳገኝ ሌላ ሰው ካላስገባሁበት እረፍት የለኝም። ከጠፈር የሚወርዱ ቅንጣቶችን በስልክ ካሜራ የሚቆጥር አፕ ሳገኝማ ጭራሽ አበድኩ። ነገሩ ቀላል ነው። ካሜራውን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖ ስልኩን ቻርጅ ላይ ማሳደር ብቻ ነው። ቅንጣቷ ፕላስተሩን አልፋ ካሜራውን ስትመታ ነጭ ነጥብ ሆና ትመዘገባለች፤ ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎችም ከየሰዉ ስልክ ይሰበስቧታል። እኛም ከአቃቂ ሆነን ተመራማሪ ልንሆን ነው አልኩ።

ሰባት ሰው አሳመንኩ። ሰባተኛዋ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነበረች። ስልኳን ስቀበላት፣ "የት እንዳለሁ ያሳያል እንዴ?" አለችኝ።

"ደሞ አንቺን ማን ይፈልግሻል? የምንቆጥረው ሰማይ ነው" ብዬ ሳቅኩባት። ስለ አድራሻ የሚያትተውን ረጅም ጽሑፍ ሳላነበው "እስማማለሁ" የሚለውን እኔው ራሴ ነካሁላት። ለምን ጠየቀችኝ ብዬ እንኳ አላሰብኩም።

ለካ ምክንያት ነበራት። ባሏ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰው፣ በእሷ ስም ያለውን የቀበሌ ቤት ማስረከብ ነበረባቸው። እዚያ ቤት ግን እናቷ አሉ። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም እድራቸውም ደጃፋቸው ላይ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስቱ በወረቀት ተፋቱ። በወረዳው መዝገብ እሷ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው፤ ከሥራ ስትወጣ ግን ታክሲ ተሳፍራ ወደ ባሏ ትሄዳለች። እንዲህ ያደረገችው እሷ ብቻ አልነበረችም።

የሳይንስ ቀን ደረሰና አፑ ስልኮቹ ያደሩበትን ቦታ በነጥብ የሚያሳይበትን ካርታ በትልቁ አሳተምኩ። አፑ ለየስልኩ የሰጠው ቁጥር ብቻ ነበር። እኔ ግን ሰዎቹ ይኩሩ ብዬ በየነጥቡ አጠገብ ስማቸውን በማርከር ጻፍኩ። ከወረዳ የመጡት እንግዶች ካርታው ፊት ቆሙ። አንደኛው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበር። ጣቱን ቱሉ ዲምቱ ላይ አድርጎ፣ "ይቺ የናንተ ጸሐፊ አይደለችም? እዚህ ነው እንዴ የምታድረው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት ደስ ብሎኝ፤ "አንድም ሌሊት አላቋረጠች።"

ወር ሳይሞላ የቀበሌ ቤቱ ታሸገ። ሰፈሩ ማን ጠቆመ ሲባባል ሁሉም የአንድ ለአምስቷን ሰብሳቢ ጠረጠረ። እኔ ዝም አልኩ። ጸሐፊዋን ግን ለብቻዋ አግኝቼ እያፈርኩ ይቅርታ ጠየቅኳት። "አንተ ምን ታደርግ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እናትየው ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጡ፤ ከወጡ በኋላ አልወረዱም። ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ።

"ለመዱት እማማ?"

"ምኑን ልልመደው ልጄ? እዚህ ብሞት የሚያለቅስልኝ ጎረቤት የለኝ።" እጃቸውን ዘረጉ። "የአንድ ለአምስቷ ሰብሳቢ ናት ይላሉ፤ እኔ እንጃ። ማንም ይሁን ማን፣ ልጄ ላይ ያሳበቀውን ሰው፣ እኔን ከሰዎቼ እንደለየኝ እሱንም ከሚወዳቸው ይለየው።"

ትልቅ ሰው እጁን ከዘረጋ፣ የተቀመጠ ሁሉ አሜን ማለት አለበት። አጠገባቸው የተቀመጠችው ጸሐፊዋ መሬት መሬቱን እያየች አፏን አልከፈተችም። እናትየው እጃቸውን እንደዘረጉ ወደ እኔ ዞረው ጠበቁኝ።

"አሜን" አልኳቸው።