ቶሎ የተጠገነው በር

ቅዳሜ ማምሻውን የደወሉልኝ ጉለሌ የሚኖሩት አክስቴ ወይዘሮ ዘነቡ ናቸው። «አይዞሽ ልጄ፣ በሩን ወዲያው አሠርተነዋል» አሉኝ። በሩ ምን ሆኖ ነበር ብዬ ስጠይቅ ነው ሌባ ሰብሮ ገብቶ ካሜራዬን ከነሁለት ሌንሱ መውሰዱን የሰማሁት። ባለፈው ለበዓል ሄጄ ስመለስ፣ ግፊያ ባለበት አውቶቡስ ይዤው ከምሄድ ብዬ እሳቸው ቤት ትቼው ነበር። መጠንቀቄ መሆኑ ነው።

ደግነቱ ኢንሹራንስ አለው ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ረቡዕ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ አርባ ምንጭ

አውቶቡሱ በጨለማ ተነሳ። ውሉን፣ የግዢ ደረሰኙንና የካሜራውን መለያ ቁጥር በላስቲክ ጠቅልዬ ይዣለሁ። የአብያተ ክርስቲያናት የድሮ ሥዕሎች ሳይጠፉ ላንሳቸው ብዬ ስድስት ዓመት ቆጥቤ የገዛሁት ነው። ካልከፈሉኝ ሌላ የምገዛበት አቅም የለኝም።

3 ሰዓት ተኩል፣ ሶዶ

ሰው ሁሉ ሽሮ ላይ ተሰይሟል። እኔ ረቡዕ ጾም ስለሆነ፣ ሰዓቱም ስላልደረሰ አልቀመስኩም። ሹፌሩ የምሄድበትን ጠየቀኝና ኢንሹራንስ ልጠይቅ ነው ስለው ሳቀ።

«ስትከፍያቸው እህቴ ይሉሻል፤ ስትጠይቂያቸው ማን ልበል ይሉሻል።»

ሰው ማማት ኃጢአት ነው አልኩት።

10 ሰዓት፣ ጉለሌ ሸጎሌ

ከሚኒባስ ስወርድ ለገበያ የመጡ በጎች መንገዱን ሞልተውታል። አክስቴ ቤት ደረስኩ። በሩ አዲስ መቃንና አዲስ ጓጉንቸር ገብቶለታል፤ ቀለም ሳይቀር ተቀብቷል። ለካ ቅዳሜ ማኅበር የሚወጣው እሳቸው ቤት ኖሯል። ከቅዳሴ ሲመለሱ በሩ ተሰብሮ አገኙት፤ ጎረቤት ተሯሩጦ እስከ ቀትር ጨረሰው። ፖሊስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«እትዬ፣ ፖሊስ ሳያየው ለምን ነካችሁት?»

«ታዲያ ማኅበርተኛው በተገነጠለ በር ይግባ? ቄሱም መንገድ ላይ ነበሩ እኮ።»

የፖሊሱን ማስረጃ ተቀብዬ ከወረቀቶቼ ጋር በላስቲኩ ጠቀለልኩት።

ሐሙስ፣ 4 ሰዓት፣ ኢንሹራንስ ቢሮ

ሠራተኛው ቀና ብሎ «ማን ልበል?» አለኝ። ሹፌሩን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት።

በውሉ መሠረት የሚከፈለው በር ተሰብሮ ለተሰረቀ ዕቃ ብቻ ነው አለ። የፖሊሱ ማስረጃ ደግሞ በሩ ደህና ነው ይላል። ተጠግኖ ነው ብዬ አስረዳሁት፤ አክስቴንም ምስክር ጠራሁ። ዘመድ አይሆንም፤ ወይ የስብራቱ ፎቶ፣ ወይ የተቆረጠው ጓጉንቸር፣ ወይ የጠገነው ሰው ቃል እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ይምጣ አለኝ።

«ካሜራውን የሚያነሳ ካሜራ አላስቀመጥኩም» አልኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ድምፄ ቢሮውን ሞልቶት ነበር። ሲያዋውሉኝ ስለ በር ያነሳልኝ ሰው የለም። ያን ጊዜ የጠየቁኝ የካሜራውን ዋጋ ብቻ ነው።

ዓርብ፣ አርባ ምንጭ

ሥራዬ አላስቆመኝም፤ ተመልሻለሁ። ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ለነበራችሁ ጎረቤቶች ነው። ጓጉንቸሩን ከመሬት ያነሳችሁ፣ የተሰነጠቀውን መቃን ለማገዶ የወሰዳችሁ፣ በስልካችሁ ፎቶ ያነሳችሁ ካላችሁ፣ ለአክስቴ አድርሱልኝ። በሩን የሠራችሁትም ቢሮው ሄዳችሁ ቃላችሁን ስጡልኝ። ማንም አይወቅሳችሁም። ስለጠገናችሁልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አሁን ደግሞ ተሰብሮ እንደነበር መስክሩልኝ።