ካፕሱሌና የኛማል ወተት

ሲስተር ጥሩወርቅ ልትጠይቀኝ የገባችው ካፕሱሌን አፌ ውስጥ ጣል አድርጌ የወተት ቅሉን ላነሳ ስል ነበር። ዘላ እጄን ያዘችኝ።

«በወተት ነው እንዴ የምትውጪው?»

«በምን ልዋጠው ታዲያ?»

ነገሩ እንዲህ ነው... ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን ጋምቤላ ተመድቤ፣ ወንበሬን በወጉ ሳላሞቅ ተስቦ ጣለኝ። ቴትራሳይክሊን ታዘዘልኝ። ጎረቤቴ ኛማል ኑዌር ናት፤ ለእሷ የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጅ መግባት ነውር ነው። ለልጆቿ ከምታልበው ቀንሳ በመድኃኒቴ ሰዓት ቅሏን ይዛ ከች!

«ውሃ ጉልበት የለውም፣ ልጄ። በወተት ዋጥ!»

ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛዋ ስታዘኝ፣ እኔም እታዘዛለሁ።

ትኩሳቱ ግን ፍንክች አላለም። ሰውነቴ እንደ ባሮ ዳር አሸዋ ይግላል። መሥሪያ ቤቴ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሊልከኝ ይመካከራል። እኔማ «እናቴን ማን ያረዳት ይሆን?» ማለት ጀምሬአለሁ።

«አንቺ ሴት!» አለች ጥሩወርቅ። «ይሄ መድኃኒት ወተት ካገኘ አብሮት ይጣበቅና ወደ ደምሽ ሳያልፍ ይወጣል። ሲሰጡሽ አልነገሩሽም?»

«ነግረውኝ ይሆናል... በዚያ ትኩሳት ማን ሰማ!»

«በይ በውሃ ዋጪው። ወተቱን ከመድኃኒቱ ራቅ አድርገሽ ጠጪ።»

እፎይ ሳልል ሌላ ጭንቅ መጣ። ኛማል በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ቅሏን ደረቷ ላይ ለጠፍ አደረገች።

«ወተቴ መጥፎ ነው?»

ከልጆቿ አፍ የነጠቀችውን እንዴት አድርጌ ልመልስባት?

«ኧረ ምን በወጣው፣ እማማ!» አለቻት ጥሩወርቅ። «ወተቱማ በረታ! መድኃኒቱን ጥርቅም አድርጎ ይዞ አልለቅ አለ እንጂ።»

«ይዞ?»

«አዎ። አያሳልፈውም።»

ኛማል ትንሽ አሰበች... ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«የእኔ ላም ሐኪም ቤትን ታግሎ ጣለ!»

ከዚያ ወዲያ ካፕሱሉ በውሃ፣ ወተቱ ቆየት ብሎ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት በላብ ተጠምቄ ነቃሁ። ኛማል ግንባሬን ዳሰሰች፤ ቀዝቅዟል። እጇን ሳታነሳ በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር አለች... ምስጋና መሆኑ አልጠፋኝም። እኔም እንባዬ መጣ።

ከአልጋ የተነሳሁ ዕለት ሰፈርተኛው «እንኳን ማረሽ» እያለ ቤቴን ሞላው። ምን ዋጋ አለው... ሲወጣ ሁሉም በኛማል ግቢ በኩል ነበር የሚዞረው፣ ላሟን ሊያይ!