ዘጠኝ ብዬ የጻፍኩት ቤት

ሀዋሳ ውስጥ ሰው ስቆጥር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ሳለሁ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጽሕፈቴ ቆንጆ መሆኑን ሰምቶ ጸሐፊ አድርጎ ወሰደኝ። መታወቂያ እሞላለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ፣ ስኳር ሲመጣ የስም ዝርዝር አዘጋጃለሁ። ከእናቴና ከሁለት እህቶቼ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል እንኖር ስለነበር የቀበሌ ቤት እንዲሰጠን አመልክቼ እጠባበቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ከተማዋ በምሥራቅ በኩል ሳናውቃት አደገች። ፋብሪካ ይሠራል ሲባል ከገጠር የመጣው ሁሉ እዚያ ሰፈረ። መሃል ከተማ ጎዳናው እንደ ሜዳ ተንጣሎ ጋሪ ብቻ ሲያልፍበት ይውላል፤ ምሥራቅ ግን አንዱ ጎጆ የሌላውን ግድግዳ ተደግፎ ነው የቆመው። አንድ ጠዋት ሊቀመንበሩ ጠራኝና፣

«ስንት ሰው እንደተሸከምን አናውቅም። ቤት ለቤት ሂድና ቁጠር» አለኝ። «እንዳይደብቁህ ደግሞ፣ የውሃ ቦኖ የሚገባው በሰው ብዛት ነው በላቸው።»

«እውነት ነው?» አልኩት።

«አንተ ብቻ በላቸው።»

ሄድኩ። ያለኝንም አልኳቸው። ውሃ ከሩቅ ተሸክመው የሚያመጡ ሴቶች ስለነበሩ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ይሮጥ ነበር።

አንድ ቤት ስደርስ አርባ ዓመት የሚሆናት የሲዳማ ሴት በር ላይ ቆማ ተቀበለችኝ። አማርኛዋ ቀስ ያለ ነበር፤ ቃሉን መርጣ ነው የምትናገረው።

«ስንት ናችሁ፣ እናቴ?»

«አምስት። እኔ፣ ባሌ፣ ሦስት ልጆች።»

ልጆቹ አጠገቧ ቆመዋል፤ ትንሹ ሰባት ዓመት ይሆነዋል። ገመዱ ላይ ግን የታጠበ የሕፃን መታቀፊያ ተሰጥቷል።

«ይኼ የማን ነው?» አልኳት።

መታቀፊያውን ከገመዱ ሳብ አድርጋ አጣጠፈችው። በጣም ደስ አለኝ፤ እንቆቅልሽ እንደፈታ ሰው ነው ደስ ያለኝ።

«አይፍሩ» አልኳት። «የደበቁት ሰው ውሃ አይደርሰውም። ለራስዎ ብዬ ነው።»

«ልጄ፣ የጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ ወረቀት የያዘ ሰው እፈራለሁ።»

«እኔ ስለ ጸሎት አልጠይቅም። የምጠይቀው ቁጥር ብቻ ነው።»

አየችኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ በሲዳምኛ ተጣራች። ከመጋረጃው ጀርባ ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ወጣች፣ የባሏ ወንድም ሚስት ናት። ቀጥሎ ዓይኗ የደከመ አሮጊት፣ የባሏ እናት፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች መጣች። የባሏ ወንድም ራሱ የፋብሪካው ግንባታ ላይ ሲሚንቶ ተሸካሚ ነበር፤ እሱንም ነገረችኝ። ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ፤ አዲስ የተጨመሩት አራቱ መታወቂያ እንደሌላቸውም ሞላሁ። ስወጣ እጄን በሁለት እጇ ይዛ መረቀችኝ።

ቅጾቼ ከሌሎቹ ቆጣሪዎች ሁሉ የተሟሉ ነበሩ። ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ። በሳምንቱ ግን መታወቂያ የሌለው ሰው ሁሉ ወደ መጣበት ገጠር እንዲመለስ ተወሰነ፤ ዝርዝሩን ከቅጾቼ እንድገለብጥ ታዘዝኩ።

«ይቺ ዓይኗ የማያይ አሮጊት ናት» አልኩት። «እዚህ ጋ ደግሞ አራስ አለች።»

«ማን ነው የጻፋቸው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ገልብጣቸው።» ቀና ብሎ አየኝ። «የቤት ማመልከቻ አለህ አይደል?»

ገለበጥኩ። ቀኑን ሙሉ ያለ ስርዝ ድልዝ ገለበጥኩ።

የሄድነው ሐሙስ ጠዋት ነው፣ ኤንትሬ የጭነት መኪናና አራት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ይዘን። ስም የምጠራው እኔ ነበርኩ። ሴትየዋ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ እየሳቀች ወጣች።

«የውሃው ቧንቧ መጣ?» አለችኝ።

ወረቀቱን አየሁና የአራሷን ስም ጠራሁ፣ ከዚያ የአሮጊቷን።

«የት ነው የሚሄዱት?» አለች። «ለውሃ ነው ያልከኝ! ልጄ፣ ለውሃ ነው ያልከኝ!»

አሮጊቷ መኪናው ላይ መውጣት አልቻለችም። ሁለት ጓዶች እጅና እግሯን ይዘው እንደ ጆንያ ወረወሯት፤ አንደኛው ሳቀ። አራሷ ባሏ ከሥራ እስኪመጣ እንዲጠብቋት ስትለምን በሰደፍ ገፏት። እኔ ከስማቸው ጎን ምልክት አደረግኩና ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ።

የአራሷ ባል ያንኑ ቀን ማታ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ቀበሌ መጣ። እግሩ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። «ሚስቴ የት ናት?» አለኝ። ወደ ሀገረ ሰላም የሚወጣውን መንገድ በጣቴ አሳየሁት። ቀኑ ዝናብ ነበር። ሲወጣ እንኳ በሩን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ከዚያ በኋላ ከተማ ውስጥ አላየሁትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴትየዋ ቢሮ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ቁጥር ላስተካክል መጣሁ» አለች። «እዚህ አምስት ነን።»

«እሺ፣ እናቴ።»

«መኪናው ጭቃ ያዘው። መንገድ ላይ አራገፏቸው። አማቴ በሦስተኛው ቀን ሰው ቤት ሞተች። ለእሷም ቅጽ አለህ?»

የሞት መመዝገቢያው የሚሞላው ሰው በሞተበት ቦታ ነው አልኳት። እውነትም ደንቡ እንደዚያ ነበር። ራሷን ነቀነቀች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ዘጠኙን በላጲስ አጥፍቼ አምስት ጻፍኩ።

በዚያው ወር የቀበሌ ቤት ተሰጠን። ሁለት ክፍል ነው፣ ግቢው ውስጥ የማንጎ ዛፍ አለ። እናቴ ለሊቀመንበሩ ዕድሜ ለመነችለት። ዓመት ሳይሞላ ምሥራቅ ሌሎች ሰዎች ሞሉት፤ ፋብሪካው ጉልበት ይፈልግ ስለነበር አሁን የሚያባርራቸው አልነበረም።

ይህን ታሪክ የነገርኩት ለባለቤቴ ብቻ ነው፣ ደርግ ሊወድቅ አካባቢ። ሰምታ ስትጨርስ፣ «ሁለት ስም ብትዘል ማን ያውቅብህ ነበር?» አለችኝ።

«ፈርቼ ነው» አልኳት።

እሱ የእውነቱ ግማሽ ነው። ሁለቱን ብዘል የዝርዝሩ ድምር ከቅጹ ጋር አይገጥምም ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዲገጥምልኝ ፈልጌ ነበር።