የታጠቡት በርሜሎች

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በየጠዋቱ በሰርቪስ ስንወርድ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ልብሴ ይሸታል። እናቴ እንኳ ፒያሳ ባለው ሱቃችን ደጃፍ እንዳልቆም ትለምነኝ ነበር፤ "ደንበኛ ታሸሺብኛለሽ፣ ወላሂ!" እያለች። አልፈርድባትም። እኔም ራሴን ሰልችቼው ነበር።

የምሠራው ቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ፣ ላቦራቶሪ ተብዬዋ ክፍል ነበር። ቆርቆሮው ዚንክ ከመቀባቱ በፊት በአሲድ ይታጠባል። እጣቢው ዚንክና እርሳስ ይዞ በቦይ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከዚያው ቦይ ሽንኩርታቸውንና ከብቶቻቸውን የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ጥጆቻቸው እየከሱ ሲያልቁባቸው ፋብሪካው በር ላይ መጥተው አቤት አሉ። ኃላፊዎቹ "ጉዳዩ ይጠናል" ብለው ሸኟቸው። እንደማይጠና እሳቸውም ገብቷቸዋል፤ አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ አላስችል አለኝና ተከተልኳቸው።

"አባባ፣ ውሃውን አጠራልዎታለሁ" አልኳቸው። ማን አፍሽን ክፈቺ አለሽ? አልኩ ወዲያው ለራሴ።

ማጣሪያ የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪ አልነበረም። የነበረኝ ከተማሪ ቤት የቀረ እውቀት ብቻ ነው። አየር በማይገባው ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ጭቃውን ከእበት ጋር ክዳን ባላቸው አሮጌ በርሜሎች ከትቼ እጣቢውን ላሳልፍባቸው አሰብኩ። እበት እየተመገቡ የአሲዱን ድኝ ወደሚሸት ጋዝ ይለውጡታል፤ ጋዙ ዚንኩንና እርሳሱን ይይዝና ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ በርሜሉ ሥር ይቀመጣል። ውሃው ከላይ ጠርቶ ይወጣል። ሽማግሌው የከብቶቻቸውን እበት በአህያ ጭነው አመጡልኝ።

"ለቆርቆሮ እበት? ሱብሃነላህ!" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

የመጀመሪያዎቹን ባክቴሪያዎች አሲዱ ፈጃቸው። የእጣቢውን አሲድነት በአመድ ማብረድ ተማርኩ። ሁለተኛዎቹን አንድ ወሬኛ ክዳን ከፍቶ አየር አስገባባቸው። ከዚያ በኋላ እንደ አራስ ልጅ ጠበቅኳቸው፤ ብርድ ሲሆን በርሜሎቹን በጆንያ እጠቀልላለሁ፤ እሑድ እንኳ ወርጄ አያቸዋለሁ። ወራት ፈጀ፤ እኔንም ፈጀኝ። በመጨረሻ ግን የጠራ ውሃ ወጣ። በርሜሎቹ ከፋብሪካው እጣቢ ትንሹን ብቻ ነበር የሚችሉት። ሥራ አስኪያጁ ግን ከአዲስ አበባ የሚመጡት እንግዶች አይተው ከወደዱት ትልቅ ጉድጓድ እንደሚያስቆፍርልኝ ቃል ገባ። እኔም ለሽማግሌው ይህንኑ ነገርኳቸው።

እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ የጽዳት ዘመቻ ታወጀ። እኔ ያን ቀን ደሴ ለስብሰባ ተጠርቼ፣ መፈክር ሳሰማ ዋልኩ። በማግስቱ ስገባ በርሜሎቼ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ፤ ውስጣቸው በበረኪና ታጥቧል፤ ውጫቸው ቀይ ተቀብቷል።

የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ። "ጓዲት፣ አንቺ ብቻሽን ስትታገይ ከርመሽ! ያን ሁሉ ባክቴሪያ በአንድ ቀን ጨረስንልሽ!"

ሰውየው ተንኮል የለበትም። በየቀበሌው የጤና ትምህርት ሲሰጥ ባክቴሪያ ማለት ጠላት ነው ተብሎ ነው የተማረው። እሱና ሠራተኞቹ በእኔ ልብስ ሽታ አዝነው፣ ሊያሳርፉኝ ብለው፣ በትርፍ ሰዓታቸው ነው የፈገፈጉት። መጮህ አማረኝ።

"ዝቃጩንስ የት አደረጋችሁት?" አልኩት።

"ቦዩ ውስጥ ነዋ።"

ወራት ሙሉ ወንዙ እንዳይደርስ ያስቀረሁት ዚንክና እርሳስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወርዷል። ወደ ማሳው ለመሄድ ስወጣ ሽማግሌው በር ላይ ቆመዋል፤ አንድ እስር ሽንኩርት ይዘዋል። ፊታቸው እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

"አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ! ትናንት በቦዩ የላክሽልኝ ፍግ ደረሰኝ፤ ጥቁር፣ ወፍራም! መደቡን ሁሉ ከፈትኩለት።"

የገዛ ከብቱን እበት ሽታ ማን ይጠረጥራል?

"አባባ፣ ፍግ አይደለም" አልኳቸው። "በርሜሉ ውስጥ ያጠራቀምኩት መርዝ ነው።"

 "አሁንም ማሳው እየገባ ነው እኮ" አሉ።

ሽንኩርቱን መሬት ላይ አስቀመጡ። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙና፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ወደ ማሳቸው ሮጡ።