የጥሩምባ ነፊው ሳንባ

የቂርቆሱ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነጋሳ ሞተ ተብሎ የተወራው በ2006 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ነው። ወሬው ከላንቻ ተነስቶ ኡራኤል እስኪደርስ የታክሲ ሰልፍ እንኳ አልያዘም። ላንቻ ላይ «የነጋሳ ሳንባ አልቋል» ነበር። ካዛንቺስ ሲደርስ «ሐኪሞቹ ደረቱን ቢከፍቱት የከሰል ጆንያ አገኙ» ሆነ። ኡራኤል ካፌ ገብቶ ማኪያቶ ሲቀርብለት ደግሞ «ቢላ ሲነካው ካንሰሩ ብትን አለ፤ ሰፍተው ወደ ቤቱ ሰደዱት፤ በቃ፣ ትናንት አረፈ» የሚል ጭራ አበቀለ።

ለማመን ግን ያስቸግራል። በቂርቆስ ነጋሳ ሳይለፍፍለት ማን ሞቶ ያውቃል? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባውን ሲነፋ የሰፈሩ ውሾች ክፍለ ከተማ ይለውጡ ነበር። ሟቹ ራሱ ቀና ብሎ «ደግሞ ማን ሞተ?» ለማለት ትንሽ ነበር የሚቀረው። እንዲህ ያለ ሰው የራሱን ሞት በዝምታ ያሳልፋል?

ነገሩ የጀመረው ከዓመት በፊት በሳል ነው። ነጋሳ «ብርድ ነው» ብሎ ዝንጅብል ጠጣ፤ አልለቀቀውም። «ጥሩምባው ቆሽሾ ነው» ብሎ አፉን በአረቄ አጠበው፤ ጥሩምባው ጸዳ፣ ሳሉ ባሰ። አንድ ቀን መሐረቡ ላይ ደም ያየችው ሚስቱ እጸገነት፣

«ተነስ፣ ሐኪም ቤት!» አለችው።

«ነገ እሄዳለሁ።»

«ነገማ ጥሩምባውን ሌላ ሰው ነው የሚነፋልህ!»

ራጅ ተነሳ፣ ሲቲ ስካን ገባ፣ ከሳንባው በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን የነገረችው ዶክተር ሀምዲያ ነበረች።

«ጋሽ ነጋሳ፣ የሳንባ ካንሰር ነው። ግን አይደንግጡ። የእርስዎ ዓይነት ብዙ ሰው የሚይዘው ነው፤ የሳንባ ካንሰር ካለባቸው መቶ ሰዎች ሰማንያ አምስቱ ገደማ ያለባቸው ይኸው ነው። ፈጥኖ ከሚዛመተው ከሌላኛው ዓይነት ዝግ ብሎ ያድጋል።»

«ሲጋራ ከተውኩ እኮ ዐሥር ዓመቴ ነው!»

«መተዎ አደጋውን ቀንሶታል እንጂ ጨርሶ አላጠፋውም። ሲጋራ አፋቸው ያልገባ ሰዎችም ይይዛቸዋል። ደስ የሚለው፣ የእርስዎ ገና ከቦታው አልተነቃነቀም። ሳንባ በቀኝ ሦስት፣ በግራ ሁለት ክፍል አለው። በቀኝ የላይኛውን ቆርጠን እናወጣለን፤ ከዚያ በዓይን የማይታይ ቅሪት ካለ ብለን በደም ሥር መድኃኒት እንሰጣለን፤ አራት ዙር፣ በየሦስት ሳምንቱ።»

ነጋሳ «ቆርጠን» የምትለውን ሲሰማ ባርኔጣውን አንስቶ ቆመ።

«ካንሰር ቢላ ከነካው ይበተናል! ለዚህማ እኔን ነው መጠየቅ። ኦፕራሲዮን ተደረገ ከተባለ በወሩ የለፈፍኩለት ስንት ሰው አለ!» ብሎ ሟቾቹን ከነሰፈራቸው ይቆጥር ጀመር።

ዶክተሯ እስከ ዐሥራ አንደኛው ሟች ድረስ በትዕግሥት ሰማችው።

«ለዳነ ሰውስ ለፍፈው ያውቃሉ?»

«ለዳነማ ማን ይለፍፋል?»

«ለዚህ ነዋ የማያውቋቸው! እነዚያ የቆጠሩልኝ ሟቾች ደግሞ ሳይዘገዩ የመጡ አይመስለኝም። ከተበተነ በኋላ ነው ቢላው የደረሰው፤ ጣጣውን ሁሉ ግን ቢላው ተሸከመ።»

ነጋሳ ድምፁን ቀነሰ። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው። ቁጭ አለ።

«ትንፋሼስ? ያለ ትንፋሽ እኔ ምንድን ነኝ?»

«መጀመሪያ ያጥርዎታል፤ የቀረው ሳንባ እያደር ይለምዳል። እንደ ድሮው እንደሚነፉ ግን ቃል አልገባልዎትም።»

«እኔ ያገባሁት አንተን ነው» አለች እጸገነት፣ «ጥሩምባውን አይደለም።»

ለኦፕራሲዮኑ ፈረመ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ትንሽ ኳስ ያለባት የፕላስቲክ ዕቃ ሰጥተው «አየር ወደ ውስጥ ሳብና ኳሷን አንሳ» አሉት። በመጀመሪያው ቀን ኳሷ ንቅንቅ አላለችም። በሁለተኛው ሳምንት ኳሷን ሲስብ የነርሷን ቆብ አብሮ ሊስበው ምንም አልቀረው። መድኃኒቱ ግን ቀልድ አያውቅም፤ የሽሮ ሽታ እንኳ አቅለሽልሾ አልጋው ላይ ይጥለው ነበር። ከቤት መውጣት ተወ። ጥሩምባው አምስት ወር ዝም ሲል ሰፈሩ የነፊውን ነፍስ በራሱ ሥልጣን አሰናበተ።

ረቡዕ ጠዋት የእድሩ ዳኛ ፀሃዬ ድንኳኑን በጋሪ አስጭኖ፣ ፊቱን አጨማዶ በሩን አንኳኳ። የከፈተለት ነጋሳ ነው፤ ከስቷል፣ ጠጉሩ ሳስቷል።

«ማን ሞተ?» አለ ነጋሳ።

ፀሃዬ ወደ ድንኳኑ ዞረ፣ ወደ ነጋሳ ተመለሰ። «አንተ!»

«ማን አለ?»

«ኡራኤል ሙሉ! ማለቴ… ደረትህን ከፍተው፣ ከሰል አግኝተው፣ ቢላው በትኖት፣ ሰፍተው ሰደውህ…»

ነጋሳ የበሩን መቃን ተደግፎ አየር ሳበ፤ በረጅሙ።

«ስማ ፀሃዬ። አልሞትኩም። ያገኙት ከሰል አይደለም፣ ሳንባ ነው፤ አንዱን ክፍል አወጡ፣ አራቱ ይተነፍሳሉ። ቢላው አልበተነም፤ ትናንት ሲቲ ስካን ገብቼ ንጹሕ ነው ተብያለሁ። ልሙት ብለው አይደለም ወደ ቤቴ የሰደዱኝ፤ አራቱንም የመድኃኒት ዙር ጨርሻለሁ። ያወራችሁት ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ነው።»