መቶ አርባ ግራም የቀለለው ብስክሌት

ላሊበላ ውስጥ ብስክሌቱ የተበላሸበት ሰው የሚሄደው ደሳለ ዘንድ ነው። ሱቁ አስፋልቱ ዳር ያለች ባለ አንድ በር የቆርቆሮ ቤት ናት። ብዙ አያወራም። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ ሲሞቱ እሱ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ እህቱ ሰርካለም ደግሞ ገና ሦስት። ቅኔ ቤቱን ትቶ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ዘንድ ሥራ ገባ። እናቱ ወይዘሮ ሙሉዬ ጠላ እየጠመቁ፣ እሱ ጎማ እየለጠፈ ሰርካለምን አሳደጓት። ትምህርት ቤት ያስገባት እሱ ነው፤ ፀጉሯን ለማስላጨትም ለማስተኮስም የሚወስዳት እሱ ነበር። “ወንድም ጋሼ” ስትለው አባቷን የምትጠራ ነበር የሚመስለው።

ብስክሌት የለመደችው በሥራው ምክንያት ነው። የጠገነውን ሁሉ “እስኪ ነድተሽ ፈትሺው” እያለ ይሰጣት ነበር። ቆይቶ በአገሩ ላይ ነገር ሲበላሽና እንግዳ ሲጠፋ፣ ለቱሪስት የተራራ ብስክሌት ያከራይ የነበረ ሰው ዕቃውን ሸጦ ሄደ። ደሳለ አንዱን ጎባጣ ገዛ፤ ሁለት ወር ሙሉ አቃንቶ፣ ቀለም ቀብቶ ለእህቱ ሰጣት። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰርካለምን ያለ ብስክሌት ያያት የለም።

የከተማው ብስክሌተኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር ላይ ውድድር ያደርጋል። ከኩልመስክ በላይ ካለው ደጋ ይነሳና ዳገቱን ወጥቶ፣ ረጅሙን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ገነተ ማርያም ሥር ያልቃል። ሰርካለም በተወዳደረች በሁለተኛው ዓመት ከሙጃ በመጣች ልጅ በስድስት ሰከንድ ተቀደመች።

“ስድስት ሰከንድ እኮ ነው ወንድም ጋሼ! ሰው አንዴ አዛግቶ አይጨርስም” እያለች ሳምንት ሙሉ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ነገሯ ሁሉ ክብደት ሆነ። የመቀመጫውን ልባስ ገፈፈች፣ ደወሉን ነቀለች፣ የውሃ መያዣውን አስወለቀች። በመጨረሻም አዲስ አበባ ያለ አንድ ተወዳዳሪ ትንንሽና ስስ የፍሬን ዲስኮች፣ ፍሬኑ ጎማውን ለማቆም የሚነክሳቸውን ክብ ብረቶች፣ ላከላት። ሱቁ ድረስ ይዛቸው መጣች።

“ትልልቆቹን አውጥተህ እነዚህን ግጠምልኝ” አለችው።

ደሳለ ዲስኮቹን በጣቱ አገላብጦ አያቸው። “ሽቅቡ ላይ ይጠቅሙሽ ይሆናል። ቁልቁሉስ?”

“ቁልቁሉን እኔ አውቅበታለሁ።”

“መንዳት ሌላ፣ ማቆም ሌላ። ዲስክ ሲያንስ ቶሎ ይግላል። ሲግል የፍሬኑ ሸራ መያዝ ይተዋል፣ ቱቦው ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይትም ይፈላል። ያኔ የፍሬኑን እጀታ ብትጨብጪው ባዶ ነው፤ እጅሽ ውስጥ ሙትት ነው የሚለው።”

“ስንቱ ገጥሞት ይወዳደር የለም?”

“የእነሱ ቁልቁለት የእኛን አያህልም፣ እታለም።”

ሦስት ሳምንት እምቢ አለ። እሷም አኮረፈች። አንድ ቀን ምሳ ይዛለት መጥታ ሰሃኑን እያስቀመጠች፣ ቀና ሳትል “አንተ ሁልጊዜ እንደ ሕፃን ነው የምታየኝ። አባቴ በሕይወት ቢኖር ይሰማኝ ነበር” አለችው።

ይህን ያጫወተኝ ራሱ ደሳለ ነው። “ከዚያ በፊት አባቷን በአፏ አንስታው አታውቅም ነበር” አለኝ።

በማግስቱ ገጠመላት። ከመግጠሙ በፊት አሮጌዎቹንና አዲሶቹን በጎረቤት ባለሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጡ፤ ልዩነቱ መቶ አርባ ግራም ሆነ። ሰርካለም ደስታዋን መያዝ አቅቷት ትከሻውን ሳመችው። ከከተማው በታች ባለችው ቁልቁለት ሁለት ጊዜ ወርዳ ፈተሸችው፤ ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ያዘ። ደሳለ ልቡ አላረፈም። ቁልቁለቷ አጭር እንደሆነች፣ ብረቱ ሳይግል እንደምታልቅ ያውቅ ነበር። ያውቅ ነበር፣ ግን ዝም አለ።

የውድድሩ ዕለት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ደሳለ መጨረሻው ላይ፣ ገነተ ማርያም ሥር ከተሰበሰበው ሰው ጋር ቆሞ ይጠብቃል። ሰርካለም ዳገቱን ከማንም ቀድማ ጨርሳ ቁልቁለቱን የጀመረችው ብቻዋን ነበር። ማንም ያን ያህል ፈጥና ትመጣለች ብሎ አላሰበም።

ቁልቁለቱ ላይ የገበሬ ቀጭን መንገድ የውድድሩን ጥርጊያ የሚያቋርጥበት አንድ ጠመዝማዛ አለ። ምሥራቅ የምትባል ሴት የሰማንያ ቀን ሴት ልጇን ገነተ ማርያም ክርስትና አስነስታ፣ ሕፃኗን አዝላ ከቤተሰቧ ጋር ወደ መንደሯ ትመለስ ነበር። መንገዱ ባዶ ሆኖ ስላገኙት መሻገር ጀመሩ። መሃል ላይ ሲደርሱ ከላይ ጩኸት ሰሙ።

“ፍሬን የለኝም! ዞር በሉ! ፍሬን የለኝም!”

ምሥራቅ እግሯ ከመሬት ጋር ተጣበቀ። በግራ ሰዎቹ፣ በቀኝ ቋጥኝና ገደል ነበር። ሰርካለም መሪውን ወደ ቀኝ ሰበረችው።

ደሳለ ወሬውን ሰምቶ ሮጦ ሲደርስ እህቱን ነጠላ አልብሰው ከቋጥኙ ሥር አስተኝተዋት ነበር። ዓይኗ ክፍት ነው። ተንበረከከና እጇን ያዘ።

“ወንድም ጋሼ፣ ሕፃኗን ነካኋት?”

“አልነካሻትም እታለም። ደኅና ናት።”

መኪና ተገኝቶ ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዷት መንገድ ላይ አረፈች። ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር።

በሠልስቱ ማግስት ብስክሌቱን አምጥተው ግቢው ውስጥ አጋደሙት። ደሳለ የፊቱን ጎማ አንስቶ አየ። ነጩ ዲስክ ከመጋሉ የተነሣ ጠቁሮ፣ ጠርዙ ወይን ጠጅ መስሏል። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። ለቀስተኛው “ቀኗ ደርሶ ነው፤ እግዜር ያጽናህ” ይለዋል። እሱም “አሜን” ይላል። ምን እንደለወጠ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ቢተወው ኖሮ ማንም ሳያውቀው ይቀር ነበር።

እስከ አርባዋ ድረስ ምስጢሩን በሆዱ ተሸክሞ ከረመ። ተዝካሩ ሲያልፍ ግን ወደ ንስሐ አባቱ ወደ መምሬ ጽጌማርያም ሄዶ ሁሉንም ተናገረ።

“ቀኖናውን እኔ እሰጥሃለሁ፣ ልጄ። እውነቱ ግን የእናትህ ነው። እሳቸውን ዘለህ የምትደርስበት ይቅርታ የለም” አሉት መምሬ።

በዚያው ቀን ትልቁንና ትንሹን ዲስክ ይዞ እናቱ ዘንድ ገባ። ወይዘሮ ሙሉዬ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ነገራቸው። ሁለቱን ብረቶች ተቀብለው በሁለት መዳፋቸው ያዟቸው፤ ከፍ ዝቅ አደረጓቸው።

“ልዩነታቸው ይችው ናት?”

“አዎ፣ እማ።”

“ይች?”

ትንሹን ብረት ወደ ፊቱ አስጠጉት።

“አደጋ እንዳለው ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ገጠምክላት?”

“ለመነችኝ፣ እማ።”

“ልጅ እሳትም ይለምናል” አሉት። ብረቶቹን መደቡ ላይ አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ስድስት ወር አላነጋገሩትም። ቤታቸው ሲሄድ በሩ ክፍት ነው፣ ሰላምታው ግን አይመለስም። የሚልከውን ጤፍ ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ለማኞች ይሰጡት ነበር። ሰው “ልጅዎ እኮ ነው” ሲላቸው “እሷስ?” ይላሉ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ደሳለ ለማኅበሩ ልጆችም ተናገረ። ስብሰባቸው ላይ ቆሞ፣ ጠቁሮ የመጣውን ዲስክ አሳያቸውና “ይህን እያወቅኩ የገጠምኩት እኔ ነኝ” አላቸው። አንዳንዶቹ አለቀሱ። አንዱ ተነስቶ ስድብ ሰደበውና ወጣ። ለብዙ ጊዜ ብስክሌቱን እሱ ዘንድ የሚያመጣ ሰው አልተገኘም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ውድድር ከመጀመሩ በፊት የሁሉም ፍሬን እንዲታይ ማኅበሩ ወሰነ፤ እንዲያይ የተመረጠውም እሱ ሆነ። ሁለት ልጆችን ከመነሻው መስመር መለሳቸው። አንደኛው በንዴት “አንተ ነህ ዛሬ ስለ ፍሬን የምትመክረን?” አለው።

“አዎ፣ እኔ ነኝ” አለና ብስክሌቱን ከእጁ ሳይለቅ ቆየ።

ባለፈው ክረምት የወይዘሮ ሙሉዬ ዓይን በሞራ ተሸፈነ። ብቻቸውን መኖር ሲያቅታቸው ጎረቤቶች ተማክረው ልጃቸው ቤት አመጧቸው። እሳቸውም እሺ አላሉም፣ እምቢም አላሉም። በመጀመሪያዎቹ ወራት “ውሃ”፣ “ደጅ አውጣኝ”፣ “በቃኝ” ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራቸውም። ደሳለ እጃቸውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳቸዋል፣ መልሶ ያመጣቸዋል።

አንድ ጧት ቁርስ ቀርቦ ሳለ እናቱ ድንገት አፋቸውን ከፈቱ።

“ሰርካለምን በሕልሜ አየኋት። ፀጉሯን ልትታጠብ ግቢ ውስጥ ተቀምጣለች። ‘እማ፣ ውሃው ቀዘቀዘኝ፣ አሙቂልኝ’ አለችኝ።”

ደሳለ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። “አሞቅሽላት?”

“ሳላሞቅላት ነቃሁ” አሉት።

ተነስቶ ወጣ። አጥሩን ይዞ፣ ፀሐይዋ ጣሪያው ላይ እስክትወጣ ድረስ አለቀሰ። ሲመለስ እናቱ እንዳይቀዘቅዝበት ብለው ሰሃኑን በዳሰሳ ከድነው፣ እጃቸውን ክዳኑ ላይ አሳርፈው ይጠብቁት ነበር።