የአባቴን ብርሃን የጋረዱት ሰው

አባቴ ሸማኔ ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን፣ ከበሩ ሁለት እርምጃ ገባ ሲሉ እግሩን የሚከትበት ጉድጓድ አለ። ጠርዙ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እያሳለፈ ጋቢና ነጠላ ሲሠራ እያየሁ አደግሁ። ቤቱ መስኮት የለውም። ብርሃኑ የሚገባው በበሩ ብቻ ስለሆነ፣ በልጅነታችን ከ"እንዴት አደራችሁ" ቀድሞ የምንሰማው "ከበሩ ዞር በሉ!" የሚለውን ቁጣ ነበር።

ይህ ቁጣ የማይደርሳቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እሳቸውም ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆናቸው ክርስቲያን ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው። በየጠዋቱ በዱላቸው እየዳበሱ ይመጡና በእኛ በሙስሊሞቹ ሰላምታ "አሰላሙ አለይኩም" ብለው የበሩ ደፍ ላይ ይቀመጣሉ። ትከሻቸው ሰፊ ነው፤ ጋቢ ደርበው ሲቀመጡ ግማሹ በር ይዘጋል። ከዚያ ወሬ ነው፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሞተውና ስለ ተዳረው። አባቴ አንድም ቀን ዞር በል ብሏቸው አያውቅም።

እኔ የማስተምረው ደጎሎ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ። አምና ስመጣ አባቴ አኩርፎ አገኘሁት። ከላላ ገበያ ላይ አንዲት ሴት ጋቢውን ወደ ፀሐይ ዘርግታ፣ ክር የጎደለበትን ቦታ በጣቷ እየነካካች ለሰው አሳይታበታለች። ጋቢውን በብብቱ ይዞ ተመለሰ።

"ዓይኔ አልቋል" አለኝ። "የተዘረጋውን ድር ጨርሼ ጉድጓዱን እደፍነዋለሁ።"

ደነገጥሁ። ያለዚያ ጉድጓድ አባቴ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አላውቅም።

ሐኪም ቤት ወሰድሁት። መርማሪው ዓይኑ ለዕድሜው ደህና እንደሆነ ነግሮን መነጽር አዘዘለትና "የሚሠራበት ቤት ብርሃን አለው?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ጥፋተኛ ሲገኝልኝ ደስ ይለኛል። ሌላ ማን ሊሆን ነው? በሩ ላይ የሚቀመጡት ሰውዬ ናቸው!

ሥራዬን በአምፖል ጀመርሁ። ከኋላው ሰቀልሁትና የራሱ ጥላ እጁ ላይ ወደቀ። "አሁንማ ጥላዬን ነው የምሸምነው" ብሎ ሳቀብኝ። ወደ ፊት ለፊቱ፣ በግራው በኩል አዞርሁት። መብራት ሲጠፋም እንዲያግዘው ብዬ የውስጡን ግድግዳ በሙሉ ኖራ ቀባሁ። በመጨረሻም ከቤቱ ውጭ፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል አግዳሚ አሠርቼ የበግ አጎዛ አነጠፍሁበትና ሽማግሌውን እጃቸውን ይዤ ወሰድኋቸው። "አባባ፣ እዚህ ይሞቅዎታል" አልኋቸው።

"እግዜር ይስጥሽ ልጄ" ብለው ተቀመጡ።

አባቴ ግን ፊቱ ጠቆረ። "እንግዳ ከደጄ ታስነሺ? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ አንቺ መልቀሙንም አታውቂበትም።"

ቤቱ ራሱ ይመስክርልኝ አልሁ በልቤ። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ እየነጠረ ክሩን አንድ በአንድ ያስቆጥር ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ የሠራውን ያህል ወደ ደጅ አውጥተን ስንዘረጋው፣ እንከኑ ከፊተኛው ጋቢ ብሶ ቁጭ አለ። አባቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ዓይኔ አልቋል ብዬሽ ነበር" ብሎ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ፤ እኔም እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ድንገት ዝናብ ወረደና ሽማግሌው ከአግዳሚው ተነሥተው እየዳበሱ የድሮ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ ጥግ ይዤ የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ። ስለ አንድ እልከኛ በሬ እያወሩ ሳለ፣ በወሬው መሐል አባቴን "ቁም" አሉት። አባቴ ቆመ። በእጁ ፈልጎ የተበጠሰ ክር አገኘ፣ ቋጠረው፣ ሥራውን ቀጠለ። የበሬው ወሬም ካቆመበት ቀጠለ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ቁም፣ በቀኝህ" አሉ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ።

"አባባ፣ በምን አወቁ?"

"መወርወሪያው ደህና ድር ላይ ሲያልፍ ሽው ይላል። የተበጠሰ ሲኖር ይደናቀፋል። አንቺ አትሰሚም?"

ጆሮዬን አቀናሁ። የሰማሁት ዝናቡንና ቀጭ ቀጭ የሚለውን እንጨት ብቻ ነው። አባቴን ብጠይቀው ግራ ገባው። "እኔ እንጃ፤ ቁም ሲለኝ እቆማለሁ" አለ። ለካ እሱም አስቦት አያውቅም። ያ ገበያ ላይ ያሳፈረው ጋቢ መቼ እንደተሠራ ስጠይቀው ጊዜ ፈጅቶ አሰበና "እሱ ታሞ የተኛ ጊዜ" አለኝ፣ ወደ ሽማግሌው በአገጩ እያመለከተ።

መምህር ነኝና ሳልፈትን አላምንም። በእግሬ ጣት ሄጄ ከድሩ መሐል አንዲት ክር በጥፍሬ በጠስሁ። መወርወሪያው አንዴ አለፈ።

"ቁም፣ ከመሐል ትንሽ ወደ ግራ" አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ሳቁ። "ይቺ ግን በራሷ አልተበጠሰችም። ልጅህ ናት፤ እጇ ድሩን ሲነካ ሰምቻለሁ።"

"ሱብሃነላህ!" አልሁና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ያን ያህል ክር ተደርድሮ፣ ከውጭ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አንዷን ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ስንት ዘመን ደጃችን ላይ ተቀምጦ ኖሯል። እኔ ደግሞ አጎዛ አንጥፌ አስወጣሁት። ከመደነቄ ይልቅ ሐፍረቴ ይብስ እንደሆነ እስካሁን አልለየሁም።

የተበጠሰውን ለመቋጠር ግን ዓይን ያስፈልጋል። ስለዚህ ከከተማ አናጢ አመጣሁና በጉድጓዱ ትክክል ያለውን የጣራ ቆርቆሮ አንሥቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ መታበት። ፀሐይዋ ከላይ ቀጥ ብላ ድሩ ላይ ወረደች፤ አባቴ አንገቱን አቅንቶ ለረጅም ጊዜ አያት።

ሽማግሌው የመዶሻውን ድምፅ ከደፉ ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር።

"ጣራው ለምን ተከፈተ?" አሉ።

"ብርሃን እንዲገባ ነው" አላቸው አባቴ።

ፊታቸውን ወደ አባቴ አዞሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "በሩ ላይ ስቀመጥ እጋርድብህ ነበር እንዴ?" አሉት።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። አባቴ መነጽሩን አስተካከለ፤ የጨረሰውንም ጋቢ ጠቅልሎ አስቀመጠ።

"በሩማ ያንተ ነው" አላቸው። "ይልቅ ነገ በጊዜ ና፤ አዲስ ድር እዘረጋለሁ።"